ልብ ወለድ ማለት ውሸት ነው ወይ?

በአማርኛ ክፍል አጭር ልብ ወለድ ጻፉ ሲባል ከተማሪዎች አንድ ጥያቄ አይጠፋም። "ያልሆነ ነገር ልንጽፍ ነው እንዴ? ይሄ ውሸት አይደለም ወይ?" ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሐምዳይት ወይም በገላባት በኩል ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው "ታሪክህን ተናገር" የሚባለው ምዝገባ ላይ ነው። እዚያ ቀኑ፣ ቦታውና የቤተሰቡ ቁጥር በትክክል መነገር አለበት። ስለዚህ "ታሪክ" የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ከቅጽና ከማኅተም ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ልብ ወለድ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ማየቱ ለዚህ ጥያቄ ይረዳናል።

በ1900 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1908) ሮም ላይ አንድ ትንሽ የአማርኛ መጽሐፍ ታተመ። ርእሱ "ልብ ወለድ ታሪክ" ይላል። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ጣና ዳር ዘጌ ተወልደው፣ ጣሊያን አገር ሥዕል ተምረው፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተማሩ ሰው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ከአገር ውጭ ተጽፎ፣ ከአገር ውጭ ታተመ ማለት ነው። ርእሱን ልብ በሉ። ታሪክ ነው ይላል፤ ነገር ግን ልብ የወለደው ነው ብሎ አስቀድሞ ይነግረናል። ውሸታም እንዲህ ብሎ አይጀምርም! ውሸት አድማጩ እውነት መስሎት እንዲቀበለው የሚነገር ነው፤ ልብ ወለድን ግን ጸሐፊውም አንባቢውም እያወቁ ይገቡበታል። የዚያ መጽሐፍ ርእስ ውሎ አድሮ የጽሑፉ ዓይነት መጠሪያ ሆነ፤ መጽሐፉ ራሱ ደግሞ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም "ጦቢያ" ተባለ። (ደራሲው በኋላ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን መቆማቸው የታወቀ ነው። እሱ በሌላ መዝገብ የሚታይ ነው፤ መጽሐፉን ከቀዳሚነቱ አያወርደውም።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረማዊ ንጉሥ ተሸንፎ ይማረካል። አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈታዋል። ልጁ ዋህድ ያንን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ከቤት ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ ለባርነት ይዳረጋል። መንትያ እህቱ ጦቢያ ደግሞ ወንድ መስላ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። መጨረሻው ደስታ ነው፤ ንጉሡ ክርስትና ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። መማረክ፣ መበታተን፣ ዘመድ ፍለጋ መዞር… ለእኛ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ቃላቱን እንሞክራቸው። "ሴራ" ሲባል የሚደነግጥ አለ፤ ከፖለቲካው የለመድነው ተንኮል ይመስለዋል። በሥነ ጽሑፍ ግን ሴራ ማለት ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚተሳሰሩበት መንገድ ነው። "አባትየው ተፈታ፤ ልጁ ከቤት ወጣ" ካልን ድርጊት ብቻ ነገርን። "አባቱን ያስፈታውን ሰው ሊክስ ስለፈለገ ወጣ፤ በመውጣቱም ተያዘ" ካልን ግን ሴራው መጣ። "መቼት" ደግሞ መቼ እና የት ተገጣጥመው የተሠራ ቃል ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ ይነግረናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ የጦቢያ መቼት ደካማ ነው። ዓመተ ምሕረት የለው፣ ይሄ ነው የሚባል አገር የለው። አጋጣሚም ይበዛበታል።

መቼት ሲጠነክር ምን ይመስላል? ሩቅ አንሂድ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚሁ ድንበሩ ላይ፣ መተማ፣ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ድል ሊያደርግ የተቃረበው ሠራዊታቸውም ተበተነ። የታሪክ ጸሐፊ ይህንን መለወጥ አይችልም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን በዚያች ሌሊት ንጉሡ መመታታቸውን ሰምቶ መሸሽና መቆየት ያቃተውን፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ አንድ በቅሎ ጫኝ መፍጠር ይችላል። መቼቱ እውነተኛ ነው፤ ሰውየውን ልብ ወለደው። በልቡ ውስጥ የሚካሄደው ትግል ነው "ግጭት" የሚባለው፤ የግድ ጥይት አያስፈልገውም።

ከአፈወርቅ በኋላ መቼት እየጠራ መጣ። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ "አዲስ ዓለም" (1925 ዓ.ም.) ሸዋ ውስጥ ተጉለት ላይ ያርፋል። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" (1958 ዓ.ም.) ደግሞ የጎጃምን መሬት ያስረግጠናል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው መጽሐፉን ያላየ ሁሉ ሰምቶታል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሰብለ ወንጌልም እንደ ጦቢያ ሴትነቷን በልብስ ሸሽጋ ለፍለጋ መንገድ ትጀምራለች። ዘዴው ያው ነው። ጦቢያ ግን ሠርግ ላይ ስትደርስ ሰብለ መቃብር ላይ ትደርሳለች። ምነው ቢሉ፣ በዛብህንና እሷን የሚለያያቸው የዘር ቆጠራና የሹመት ኩራት ሥር የሰደደ ነው፤ አጋጣሚ የሚፈታው ዓይነት አይደለም። "ጭብጥ" የምንለው ይኼንኑ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያስጨንቀን ጉዳይ። መጨረሻው ስላሳዘነ ብቻ ሐዲስ ይበልጣሉ አልልም፤ የሚበልጡት መጨረሻው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስለሚበስል ነው።

ዐረብኛ የምታነቡ ደግሞ ጎረቤታችሁን አትለፉት። ሱዳናዊው ጠይብ ሳልህ "መውሲሙል ሂጅራ ኢለ ሽማል"ን ያወጣው በ1966፣ "ፍቅር እስከ መቃብር" በታተመበት ሰሞን ነው። በእንግሊዝ አገር ተምሮ ዓባይ ዳር ወዳለ መንደሩ የተመለሰ ሰው "እኔ" እያለ ይተርከዋል። ይሄ "አንጻር" ይባላል፤ ታሪኩን በማን ዓይን ነው የምናየው? የኅሩይ አወቀም ፈረንሳይ ተምሮ ተጉለት ይመለሳል፤ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ልማድ ከአገሩ ሰው ጋር ይጋጫል። እሱን ግን ተራኪው ከውጭ ሆኖ "እሱ" እያለ ነው የሚያሳየን። ሁለቱን የምታገኙ ከሆነ ጎን ለጎን አንብቡና፣ አወቀ ራሱ "እኔ" ብሎ ቢተርክ ኖሮ የትኛውን ነገር ይደብቅብን እንደነበር በአንድ ገጽ ጻፉ።