የትሮዶስ አለቶች
የትሮዶስ አለቶች በቆጵሮስ ደሴት የሚገኙ የጥንታዊው ቴቲስ ውቅያኖስ ወለል ቁራጭ ናቸው። ዕድሜያቸው 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ተገፍተው ወጥተው ዛሬ ከፍተኛው ጫፋቸው 1,952 ሜትር ይደርሳል። ላቫው ውሃ ውስጥ ስለ ፈሰሰ እንደ ትራስ ተድቦልቡሎ ረግቷል።

ቀድሞ ሁለት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በሚለያዩበት የውቅያኖስ መካከል ሸንተረር ላይ እንደ ተፈጠሩ ይታሰብ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ግን ጃፓናዊው የሥነ ምድር ሊቅ አኪሆ ሚያሺሮ የላቫውን ኬሚካላዊ ይዘት መርምሮ፣ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ሥር በሚሰምጥበት ቦታ ከሚፈሰው ጋር እንደሚመሳሰል ጻፈ፤ ብዙዎችም ተቃወሙት። የሚሰምጥ ሰሌዳ ውሃ ይለቃል። ይህ ውሃ ከበላዩ ያለው ትኩስ አለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርጋል፤ እንደ ባሪየም ያሉ የሚሟሙ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ሲወጣ፣ የማይሟማው ኒዮቢየም ግን እዚያው ይቀራል። ቆየት ብሎ በትሮዶስ ላቫ ውስጥ የተገኘው የተፈጥሮ ብርጭቆ ከሸንተረር ላቫ የበለጠ ውሃ የያዘ መሆኑ የሚያሺሮን ሐሳብ አጠናክሯል።