የጣና ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል፤ ከጢስ ዓባይ እስከ በለስ

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከጣና ሐይቅ፥ በደቡብ ከዓባይ ወንዝ ይዋሰናል፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ ደራንና ፎገራን እያዋሰነ ወደ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ የደራ ሰው ወደ ሐይቁ የሚገባውንም፥ ከሐይቁ የሚወጣውንም ውኃ በቅርብ የሚያይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይል የሆነበትን ታሪክ በአጭሩ መመርመር ነው። ጽሑፉ የሚከተለው ጥያቄም አንድ ነው፤ የጣናን ውኃ በየዘመኑ የለካው ማን ነው? የለካውስ ለማን ጥቅም ነው? በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

፩. ውኃው በወረቀት ላይ

በባሕር ዳር አንዲት የኤሌክትሪክ መብራት ሳትበራ የጣና ውኃ በውጭ አገር መንግሥታት ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ብዙ ተመክሮበታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል በሦስተኛው አንቀጽ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝና የሱዳን መንግሥታት ሳይስማሙበት በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተዋል። የእንግሊዝ ፍላጎት ግልጽ ነበር፤ የግብፅና የሱዳን የጥጥ እርሻ ውኃ እንዳያጣ ነው።

ታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት፥ ጣሊያን ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት አንዱ የሌላውን ጥያቄ ሊደግፍ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ነገሩን በዚያው ዓመት ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ። ተቃውሞውም በቃል ብቻ አልቀረም። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ በ1923 ዓ.ም. የኩባንያው ባለሙያዎች መጥተው ሐይቁን መረመሩ። የጣሊያን ወረራ በ1928 ዓ.ም. ሲደርስ ግን ግድቡ ገና በወረቀት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዚህ ዘመን ጣና የሚታሰበው ለታችኛው አገር እርሻ ውኃ እንደሚያጠራቅም ጋን ሆኖ ነው። የሐይቁ ዳር ሰው መብራት ወይም ፋብሪካ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

፪. ፏፏቴውና ፋብሪካው

በአገራችን የኤሌክትሪክ ብርሃን የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት በነዳጅ በሚሠራ ሞተር እንደሆነ ይነገራል። በውኃ ኃይል ለመጠቀም በ1920ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋዋት ማመንጨት ጀመረ።

የጣሊያን ካሣ ጣና ዳርም ደርሷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የፈትልና የሽመና መኪናዎች ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ለዚህ የሚሆን ነዳጅ ከወደብ ተነሥቶ ያን ሁሉ ተራራ በመኪና ተጭኖ እንዲመጣ ማድረግ ትልቅ ወጪ ነው። ከከተማው 30 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወረወራል። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራውን ጀመረ፤ የሦስቱ መኪናዎቹ ኃይል ሲደመር 11.4 ሜጋዋት ነው።

የዚህ ማመንጫ አሠራር ቀላል ነበር። ውኃ የሚያጠራቅም ትልቅ ግድብ አልተሠራለትም፤ ከፏፏቴው በላይ ጥቂቱ ውኃ በቦይ ተጠልፎ፥ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን አዙሮ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል። ሐይቁ እንደ ተፈጥሮው በክረምት ይሞላል፥ በበጋ ይጎድላል። ፏፏቴውም ጢሱን አላጣም ነበር። ፋብሪካው ለገበሬው ጥጥ ገበያ፥ ለወጣቱ ሥራ፥ ለከተማው መብራት አመጣ፤ ባሕር ዳር ከትንሽ የወደብ መንደርነት ወደ ኢንዱስትሪ ከተማነት የተሸጋገረችው በነዚህ ዓመታት ነው።

በዚያው ጊዜ፥ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ መንግሥት የውኃ ሀብት መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የዓባይን ተፋሰስ በሙሉ አጥንተው 33 የመስኖና የኃይል ሥራዎችን በዕቅድ አቀረቡ። በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚሠራ ትልቅ ግድብም ከነዚህ አንዱ ነበር። ዕቅዱ መደርደሪያ ላይ ከ40 ዓመት በላይ ቈይቷል።

፫. በሩ ሲዘጋ

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ሁለት መዝጊያ በሮች ያሉት ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨመሩ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋዋት ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ጣና ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784ና በ1,787 ሜትር መካከል 9.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል።

ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ የክረምቱ ውኃ ለበጋ ይቈያል። ጉዳቱን ለመረዳት ግን ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ከጣና በዓመት የሚወጣው ውኃ በአማካይ 3.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህም በሴኮንድ 120 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ማመንጫዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ የሚፈልጉት ውኃ ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ ለፏፏቴው የሚተርፈው ምንድን ነው? በአንድ ብር ኖት ላይ ታትሞ የነበረው፥ እንግዳ ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ጢስ ዓባይ በበጋ ወራት በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድ ቀጭን ክር ሆኖ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የ1994ና የ1995 ዓ.ም. ዝናም ባነሰ ጊዜ ነገሩ ይብስ ከፋ። ማመንጫው ውኃ መሳቡን ስላላቆመ ሐይቁ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ተለክቶ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ አለ። ለመርከብ ጉዞ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ከፍታ 1,785 ሜትር ነው፤ ውኃው ከዚያ በታች ስለወረደ መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። ከዳር የሸሸው ውኃ የተወው መሬት ታረሰ፤ ዓሣ የሚራባበት፥ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ተመነጠረ። በዚያው ዓመት የመብራት ኃይል አልበቃ ብሎ በአገሪቱ ከተሞች በፈረቃ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ሐይቁም ተጎዳ፥ ኃይሉም አልበቃም።

፬. ውኃው መንገድ ሲለውጥ

የበለስ ሸለቆ ሐሳብ በደርግ ዘመን በጣሊያን መንግሥት ርዳታ ለሰፈራና ለእርሻ ተጀምሮ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በኋላ ለኤሌክትሪክ ተነሣና በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ከጣና ምዕራብ ዳር የሚገባው ውኃ 12 ኪሎሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ከምድር በታች በተሠራው ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋዋት ያላቸውን አራት ተርባይኖች ያዞራል፤ ጠቅላላው 460 ሜጋዋት ነው።

ለምን ይህ መንገድ ተመረጠ? ምክንያቱ ከፍታ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ ዓባይ 45 ሜትር ያህል ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል ወደ 400 ኪሎዋት ነው። ያው ውኃ በበለስ በኩል 311 ሜትር ስለሚወርድ ወደ 2,700 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ይህም ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። በዕቅዱ መሠረት ወደ በለስ የሚሄደው በአማካይ በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ከሚወጣው ውኃ የበዛው እጅ በፏፏቴው አያልፍም፤ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም ወደ ተጠባባቂነት ወርደዋል።

ይሁን እንጂ ውኃው ከአገር አልወጣም። በለስ ዞሮ ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በላይ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ሕዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ በጨረጨራ ቢለቀቅም፥ በበለስ ቢለቀቅም ግድቡ የጣናን ውኃ ያገኛል። በሁለቱ መንገዶች ምርጫ የሚያተርፈው የበለስ ማመንጫ ነው፤ የሚከስረው ደግሞ ከጨረጨራ በታች ያለው የዓባይ ዳር አገር ነው፤ የደራም ደቡባዊ ዳርቻ ከዚሁ ውስጥ ነው።

፭. የኃይሉ ምንጭ አንድ ሲሆን

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ከውኃ የሚገኝ ነው። ከግልገል ጊቤ ሦስተኛ 1,870፥ ከተከዜ 300፥ ከጊቤ ሁለተኛ 420 ሜጋዋት ይገኛል። ከነፋስ አዳማ ሁለተኛ 153፥ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት አላቸው። በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር እንፋሎት የተሠራው ማመንጫ በ7.3 ሜጋዋት ብቻ የተወሰነ ነው። ውኃ ጢስ የሌለው፥ ነዳጅ የማይገዛለት ምንጭ መሆኑ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የ1995 ዓ.ም. ድርቅ እንዳሳየው ማመንጫው ሁሉ ሰማይን የሚጠብቅ ከሆነ አንድ ክፉ ክረምት ሁሉን ይመታል። ነፋስ በበጋ በርትቶ በሚነፍስበት አገር ነፋሱ ሲሠራ የሐይቁን በር መዝጋት ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ምንጮች ይረዳዳሉ።

ሌላም አለ። ትልልቅ የኃይል መስመሮች በላያቸው የሚያልፉባቸው ብዙ የገጠር ቤቶች ዛሬም በእንጨትና በኩበት ያበስላሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለመብራትም ይሠራል። እንጨቱ ከጉና ግርጌ ሲቈረጥ አፈሩ በጉማራና በርብ ተጠርጎ ጣና ይገባል፤ ማመንጫው የሚመካበትን ሐይቅ ይሞላዋል። ስለዚህ ለላይኛው አገር ገበሬ መብራትና ምጣድ ማድረስ ችሮታ ሳይሆን የማመንጫው የራሱ ጥገና ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው የጣናን ውኃ በ1894 ዓ.ም. ሲለኩ ስለ ጥጥ እርሻቸው ያሰቡ ባዕዳን ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ፋብሪካ ለካው፤ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የኃይል መሥሪያ ቤት ለካው። እያንዳንዱ ልኬት ከቀደመው የተሻለ ጥቅም ለአገር አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በአንዱም ልኬት ታንከኛው፥ ዓሣ አጥማጁና የዳር ገበሬው ድምፅ አልሰጡም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይጠቅማል። አንደኛ፥ የሐይቁ ከፍታና በጨረጨራና በበለስ የሚለቀቀው ውኃ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛ፥ 1,785 ሜትር ለመርከብ ብቻ ሳይሆን ለኃይል ሥራም ድንበር ይሁን፤ ለፏፏቴውም የማይነካ ድርሻ ይመደብለት። ሦስተኛ፥ ከማመንጫው ገቢ የተወሰነው ለተፋሰሱ አፈር ጥበቃና ለገጠር መብራት ይዋል። የጉማራን ውኃ ወደ ጣና የሚልከው የደራ ገበሬ ስለ ውኃው በሚመከርበት ሸንጎ መቀመጫ ማግኘት ይገባዋል።