ሶቅራጥስን የገደለው የትኛው ተክል ነው?

ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴንስ ውስጥ «መርዝ ጠጥቶ ሞተ» ብለን እናልፈዋለን። መርዙ ሄምሎክ ከሚባል ተክል የተጨመቀ ነው ይባላል። ግን በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ተክሎች አሉ፤ አንዱ ረግረግ ላይ የሚበቅለው የውኃ ሄምሎክ ነው።

ፕላቶ እንደጻፈው መጀመሪያ እግሩ ከበደው፣ ድንዛዜው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ አእምሮው ግን ንጹሕ ነበር። የውኃ ሄምሎክ እንዲህ አይገድልም፤ ሰውየውን እያንፈራገጠ ነው። ይህን ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ቬፕፈር ሥሩን በበሉ ሕፃናት ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1679 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

እሱን ቢጠጣ ኖሮ ሶቅራጥስ ከወዳጆቹ ጋር እስከ መጨረሻው ባላወራ ነበር። ስለዚህ ጽዋው የሌላኛው ሄምሎክ ነው።

ሁለቱም ከካሮት ወገን ናቸው። ልጆቹንም ያሳሳታቸው የሚበላ የሚመስለው ሥር ነው። የማታውቁትን ሥር ነቅላችሁ እንዳትቀምሱ!