የጃፓን ወደ ኃያልነት መነሣት

የጃፓን ወደ ኃያልነት መነሣት ከ1868 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ጃፓን የፊውዳል ሥርዓትን ትታ ከአውሮፓ ኃያላን ጋር እኩል የተቆጠረችበት ዘመን ነው። ጃፓን በእስያ በኢንዱስትሪ የበለጸገች የመጀመሪያዋ አገር ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ

ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ ከውጭ ዓለም ጋር የነበራትን ግንኙነት በጣም ገድባ ቆይታ ነበር። በ1853 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ማቲው ፔሪ በጦር መርከቦች ደርሶ ወደቦቿን እንድትከፍት ጫና አደረገባት። ከዚያ በኋላ የተፈረሙት ውሎች የውጭ ዜጎች በጃፓን ሕግ እንዳይዳኙ፣ አገሪቱም ቀረጧን በነጻነት እንዳትወስን አደረጉ። ይህ ያስከተለው ቁጣ በ1868 የሾጉኖችን አገዛዝ ለመጣል ረዳ፤ ሥልጣንም በስም ወደ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ተመለሰ።

ለውጦች

አዲሱ መንግሥት በ1871 የመሳፍንቱን ግዛቶች ሽሮ ማዕከላዊ አስተዳደር አቆመ። በ1872 የትምህርት ሕግ አወጣ፤ ቶኪዮን ከዮኮሃማ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድም ከፈተ። በ1873 የግዳጅ ውትድርናና በገንዘብ የሚከፈል የመሬት ግብር ተደነገገ። በ1889 ሕገ መንግሥት ታወጀ።

ጦርነቶች

ጃፓን በ1895 ቻይናን አሸንፋ ታይዋንን ያዘች። በ1905 በአድሚራል ቶጎ ሄይሃቺሮ የሚመራው ባሕር ኃይሏ የሩሲያን መርከቦች በጹሺማ ደመሰሰ። በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አደራዳሪነትም የፖርትስመዝ ውል ተፈረመ።

ዓለም አቀፍ ውጤት

ድሉ በቅኝ ግዛት ሥር ለነበሩ ብዙ ሕዝቦች ተስፋ ሰጠ። የህንዱ ጃዋሃርላል ኔህሩ በልጅነቱ በጃፓን ድሎች መደሰቱን በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ነገር ግን ጃፓን ራሷ ቅኝ ገዥ ሆነች፦ በ1910 ኮሪያን ወደ ግዛቷ ቀላቀለች፤ በ1931 ማንቹሪያን ወረረች። በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ያቀረበችው የዘር እኩልነት ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። በ1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ ቅኝ ግዛቶቿን አጣች።

ከኢትዮጵያ ጋር

አንዳንድ የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓንን ነጻነቷን ጠብቃ የሠለጠነች አገር አድርገው በአርአያነት ይመለከቷት ነበር። በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብዙውን ከሜይጂ ሕገ መንግሥት ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ስለ ጉዟቸው መጽሐፍ ጻፉ። ሆኖም ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ፣ በ1936፣ ጃፓን በአዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገች።