አበባው የማን ነው?

ለመሆኑ አበባ ይዞ ለቅሶ መሄድን ከየት አመጣነው? አያቶቻችን አበባ አጥተው አይደለም። አደይ የምትቀጠፈው ግን ለእንቁጣጣሽ ነው። ያኔ ሐዘን ቤት እቅፍ አበባ ይዞ የገባ ሰው ቢኖር «ምነው፣ ደስ አለህ እንዴ?» መባሉ አይቀርም ነበር።

የድሮው ለቅሶ ባዶ እጁን አይወጣም። ሟቹ ጀግና ወይም ባላባት ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ አደባባይ ይወጣል፤ አልቃሿም እሱን እያየች ሙሾውን ታወርደዋለች። ልብ በሉ፣ በለቅሶው መሐል የሚታየው ሁሉ የሟቹ ንብረት ነው።

የአበባ ጉንጉንን አብዛኞቻችን የለመድነው ከመንግሥት ሥርዓት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሽስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ሦስት ቀን ፈጁት። ብዙዎቹ በጅምላ ተቀበሩ። በየዓመቱ በዚያ ዕለት ስድስት ኪሎ ካለው ሐውልት ሥር ጉንጉን ይቀመጣል። እዚህ ላይ አበባው ቦታው ነው እላለሁ። ለእነዚያ ሰማዕታት ሄደን «እግዜር ያጥናችሁ» የምንልበት አንድ ቤት የለማ!

ከዚያ መሥሪያ ቤቶች ወሰዱት። ሁለት ሠራተኞች ጉንጉኑን ይዘው ከሬሳው ፊት ይሄዳሉ። ሪባኑ ላይ «ከእንትን መሥሪያ ቤት ማኔጅመንትና ሠራተኞች» የሚል በትልቁ ተጽፏል። የሟቹ ጋሻ ይታይ በነበረበት ቦታ አሁን የላኪው ስም ይነበባል። ጎረቤት በሚያመጣው እዝን ላይ ግን ስም የለም። በሰሃኑ ቂጥ በቀለም የተጻፈ ካለም ዕቃው እንዳይጠፋ ነው።

እድርማ ጭራሽ አበባ አያውቅም። ጡሩምባው ተነፍቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ስም ሲጠራ የቀረ ሰው ይቀጣል። «አበባ ልኬያለሁ» ብትሉት ጸሐፊው ቀና ብሎም አያያችሁ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በሆለታና በዝዋይ የአበባ እርሻ ተስፋፍቶ አገሪቱ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ላኪ ሆናለች። ድሮ በወረቀትና በፕላስቲክ ጉንጉን ብቻ የሚሸኘው ሬሳ ዛሬ እውነተኛ ጽጌረዳም ሊደርሰው ይችላል። ደግ ነው። መላክ ካለባችሁ ለቀብሩ እንጂ ለቤቱ አትላኩ፤ ቤቱ የሚፈልገው እንጀራና አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ አበባውን እርሱት፤ ቀብሩ ቶሎ ስለሚፈጸም ጉንጉን ሲያሠሩ ከመዋል ፈጥኖ መድረስ ይሻላል። የሪባኑን ጽሑፍ አሳንሱት። ከቀብሩ የቀረ ሰው ቢያንስ ለሠልስቱ ይድረስ።

ውጭ አገር ያላችሁስ? ደውሉ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ቢያለቅስ አትቸኩሉ፣ አብራችሁ አልቅሱ። የአበባውን ዋጋ ደግሞ እዚህ ላለ ዘመድ ላኩለት፣ በእናንተ ስም እዝን ይዞ ይግባ።