ዜሮ እና «የለም» በመዝገብ ላይ

በምሥራቅ ጎጃም የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ወርቅ የብራና መጻሕፍት ቍጥርን የሚጽፉት በግዕዝ አኃዝ ነው። በዚህ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ስለዚህ አንድ ነገር አለመኖሩን የሚያስታውቅ ጸሐፊ «የለም» ብሎ በቃል መጻፍ ነበረበት። የኮምፒዩተር መዝገብ ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ እውነትን በ1፣ ሐሰትን በ0 መሰለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ የሠራው የሲ ቋንቋም 0ን እንደ ሐሰት ቈጠረ። በ1999 ለእውነትና ለሐሰት የተለየ ዓይነት ተጨመረለት፤ ይሁን እንጂ ፕሪንትኤፍ የተባለው የማተሚያ ትእዛዝ ለዚህ ዓይነት የሚያወጣው ቍጥር ነው። በ1995 የወጣው ጃቫ ግን ቃሉን ራሱን ይጽፋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዩኒክስ ሥርዓት አንድ ፕሮግራም ሥራውን በደኅና መፈጸሙን የሚያስታውቀው 0 በመመለስ ነው። እንግዲህ በመዝገብ ላይ «የተማሪው ውጤት፦ 0» የሚል ብናገኝ ምን እንረዳለን? ውጤቱ አልገባም ማለት ነው? ያለ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው? ወይስ ተማሪው ዜሮ አገኘ?

ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ሰው፣ ዋጋው እውነት ሲሆን «ገብቷል»፣ ሐሰት ሲሆን «አልገባም» የሚለው ቃል እንዲታተም ያድርግ እንላለን። መዝገብ የሚጻፈው በቦታው ላልነበረ አንባቢ ነውና።