ከድንጋይ ቅርጽ እስከ ግዕዝ ብራና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ያደርሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት የዚህ ገዳም እጨጌ የነበሩት የየመን ተወላጁ አባ እንባቆም፣ እ.ኤ.አ. በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት «በረላምና ይዋስፍ» የተሰኘውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በመጽሐፉ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጁ ክርስቲያን እንዳይሆንበት ሠግቶ ሕመም፣ እርጅናና ሞት በማይታዩበት ቤተ መንግሥት ያሳድገዋል። ልዑሉ ግን ከግቢ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ሰው ሟች መሆኑንም ይረዳል። በመጨረሻም በመናኙ በበረላም ተምሮ ይጠመቃል፤ ዙፋኑንም ትቶ ይመንናል።

የዚህ ታሪክ ሥር የቡድሃ ሕይወት ነው። ታሪኩ በግዕዝ ከመጻፉ ከ1500 ዓመታት ገደማ በፊት በመካከለኛው ህንድ፣ በሳንቺ መቅደስ የምሥራቅ በር ላይ በድንጋይ ተቀርጿል። በዚያ ዘመን ቀራጮች ቡድሃን በሰው መልክ አይቀርጹትም ነበር፤ ባዶ ዙፋን፣ ዛፍ፣ መንኰራኩር ወይም የእግር ዱካ ይተካው ነበር። በሳንቺው ቅርጽ ላይ ከከተማው በር የሚወጣው ፈረስ ጋላቢ የለውም፤ ነገር ግን ከኮርቻው በላይ ድባብ ተዘርግቷል። ድባብ የክብር ምልክት መሆኑን ታቦት ሲነግሥ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይረዳዋል። ያው ፈረስ በአንድ ድንጋይ ላይ ደጋግሞ መቀረጹ የጉዞውን ሂደት ያሳያል። በጉዞው ፍጻሜ ድባቡ ያለው ከእግር ዱካው በላይ ነው፤ ፈረሱም ያለ ድባብ ይመለሳል። ልዑሉ መመነኑን ተመልካቹ ያለ ጽሑፍ ያነባል።

በጃቫ ደሴት በቦሮቡዱር፣ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት በተሠራው መቅደስ ግን ቡድሃ በሰው አምሳል ይታያል። ሕይወቱ በ120 ቅርጾች በተራ ተነግሯል፤ ልዑሉ ከሽማግሌ፣ ከበሽተኛ፣ ከሬሳና ከመናኝ ጋር መገናኘቱም በዚያው ይገኛል። ተሳላሚው ግድግዳውን በቀኙ አድርጎ እየዞረ ታሪኩን ይከተላል።

ታሪኩ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በዐረብኛ ተጻፈ፤ በጆርጅያ ቋንቋ የክርስትና መልክ ያዘ፤ ወደ ጽርዕም ተተረጎመ፤ ክርስቲያናዊው ድርሰትም ዳግመኛ ወደ ዐረብኛ ከተመለሰ በኋላ ለአባ እንባቆም ደረሰ። ስሙም የጉዞውን ፈለግ ይመሰክራል። የህንዱ «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መነሻ «ባ»ን ከ«ያ» የምትለየው አንዲት ነጥብ በመሆኗም «ዩዳሳፍ»፣ ኋላም «ይዋስፍ» ሆነ።

ይሁን እንጂ የታሪኩ መንገድ አንድ መሆን ትምህርቱን አንድ አያደርገውም። የህንዱ ልዑል ብርሃንን ያገኘው ራሱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲሆን፣ ይዋስፍ ግን ከመምህር ተምሮና ተጠምቆ ነው። ሳይለወጥ የዘለቀው ጥያቄው ነው፤ ይኸውም ሟች መሆኑን ያወቀ ሰው እንዴት ይኑር የሚለው ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ መልሱን በገዛ እምነቱ ሰጥቷል። ስለዚህ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ከዓለም ተነጥሎ የኖረ ነው የሚለው አስተያየት በዚህ መጽሐፍ ፊት አይጸናም።